በእርቅ የተቀደደ ቅሬታ

አቶ ሰይፈ ሚካኤል ሞተው የተገኙት ግንቦት አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር በዚያ ሰዓት ይተኛል። ሱቆች ይዘጋሉ። ባጃጆች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ሰው የሚነሣው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው።

እሳቸው ወለል ላይ ነበሩ፣ በግራ ጎናቸው። የውኃው ጆግ አጠገባቸው ተደፍቷል። ቀኝ እጃቸው በውኃ የሚሠራውን ኤር ኩለር እንደ ነካ ነው። ኩለሩ አሁንም ይነፍሳል።

ያገኘቻቸው ልጃቸው ዲና ናት። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ መግባቷ ነበር። "አባዬ!" ብላ ልታነሣቸው ጎንበስ ስትል ከበሩ በኩል የጎረቤታቸው የሳላሕ ድምፅ ጮኸ።

"እንዳትነኪያቸው! አቦ ተይ! ውኃው ላይ እንዳትቆሚ!"

ሳላሕ የሮጠው ወደ ሬሳው ሳይሆን ወደ ቆጣሪው ነው። መብራቱን አጠፋ። እሱ ያቺን አንዲት ቅጽበት ባያስብ ከዚያ ቤት ሁለት ሬሳ ይወጣ ነበር። ዲና እስከ ዛሬ ስሙን ስታነሣ ዕድሜውን ሳትመርቅ አታልፍም።

ኢንስፔክተር ቱሪያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰች። ረጅም ሴት ናት። ድሬ ተወልዳ ስላደገች አራት ቋንቋ ትችላለች፤ በአራቱም ጥቂት ነው የምትናገረው። ክፍሉን አየች። ሶኬቱን አየች። ከዚያ ኩለሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ጎኑ ላይ ወርቃማ ወረቀት ተለጥፏል። ሦስት ኮከብ አለው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "የምሥራቅ ነጋዴዎች አመኔታ ማኅበር። የዚህ ዕቃ ሻጭ መፍትሔ ያላገኘ ቅሬታ የለበትም።"

"ማነው የገዛው?"

"እኔ" አለች ዲና።

"መቼ?"

"ሦስት ሳምንት ሆነው። ሙቀቱ ጠናባቸው።"

"ከየት?"

"ታይዋን ገበያ። ነፋሻ ኤሌክትሮኒክስ ከሚባለው።"

"እዚያ ገበያ ሃያ ሱቅ አለ። ለምን ከእሱ?"

ዲና በጣቷ ኮከቦቹን አሳየች።

"አባዬ ሊከፍቱት ነበር" አለች። "ያመጣሁ ዕለት ካቻቪቴ ይዘው ፊቱ ተቀመጡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የባቡር ፍሬን የጠገኑ ሰው ናቸው፤ ውስጡን ሳያዩ የሚያምኑት ዕቃ የለም። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። 'አባዬ፣ ከከፈቱት ጋራንቲው ይበላሻል፤ ደግሞ ሦስት ኮከብ አለው' አልኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"ሳቁ። 'ኮከብ ካለውማ እኔ ምን አውቃለሁ' ብለው ካቻቪቴውን አስቀመጡ።" ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው?"

ቱሪያ ደብተሯን ዘጋች።

"እሱን እኔ አጣርቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ራስሽ አትፍረጂ።"

በማግስቱ ተቀበሩ። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው የጀመረው ገና ከመቃብር ሲመለሱ ነው። ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ "ልጅቷ ያመጣችው ዕቃ ነው" የሚል። ሌላው የሚያነጣጥረው ሹክሪ ላይ ነበር። ሹክሪ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ የኩለሩን ሶኬት ያስገባው እሱ ነው። ድንኳኑ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ዋለ። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ወሰደው።

"ሶኬቱን የሠራኸው አንተ ነህ?" አለችው ቱሪያ።

"እኔ ነኝ።"

"ግራውንድ አስገብተህበታል?"

"ወላሂ አስገብቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ገደላቸው?"

"እኔ ልጠይቅሽ እንጂ! አቦ ኢንስፔክተር፣ ጓሮ ድረስ ሽቦ ስቤ ብረት ቀብሬአለሁ። ሰውዬው ቆመው 'ጥልቅ አድርገው፣ ገና ነው፣ ጥልቅ አድርገው' እያሉ ሲያስቆፍሩኝ ነው የዋሉት። ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል። ካላመንሽኝ ሂጂና ቆፍሪው።"

ቆፈሩት። ብረቱ እሱ ባለው ቦታ፣ እሱ ካለው በላይ ጠልቆ ተገኘ። ሽቦውም በትክክል ተያይዟል።

ቱሪያ ኩለሩን ለባለሙያ ላከች። ባለሙያው ጠርቶ አሳያት። የሶኬት መሰኪያው ሦስት እግር አለው። ሦስተኛው እግር የግራውንድ ነው፤ ያመለጠ መብራት ወደ መሬት የሚያወርደው። ከእሱ የሚነሣው ሽቦ ሣጥኑ ውስጥ ይገባና ይቆማል፤ ከሣጥኑ ብረት ጋር አልተያያዘም። የውኃ መሳቢያዋ ሽቦ ደግሞ ልባሱ ስስ ነው። ውኃ ሲነካው ብረቱ በሙሉ መብራት ይይዛል።

"ተበላሽቶ ነው?" አለች ቱሪያ።

"አልተበላሸም። ሲሠራም እንደዚህ ነው። ከዚያው ሱቅ ሁለት አስመጥቼ ከፈትኩ፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰውዬው ይህን አንድ ጊዜ ከፍተውት ቢያዩ ኖሮ ከቤታቸው ያስወጡት ነበር።"

ሹክሪ ተለቀቀ። ከጣቢያው ቀጥታ ወደ ድንኳኑ መጣ። ዲና ተነሥታ እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። በእሱ ላይ የነበረው ሹክሹክታ በዚያ አበቃ። የቀረው በእሷ ላይ ያለው ነው።

የነፋሻ ኤሌክትሮኒክስ ባለቤት ዐብዲቃድር ይባላል። ነጭ ሸሚዝ የሚወድ፣ ፈጣን ሰው ነው።

"እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ኢንጂነር አይደለሁም" አለ። "ዕቃዬ መጥፎ ቢሆን ማኅበሩ ሦስት ኮከብ ይሰጠኝ ነበር?"

"ይህ ዕቃ ከዚህ በፊት የያዘው ሰው አለ?"

"ድሬ ውስጥ መብራት ይዞት የማያውቅ ማነው?" ሳቀ። ቱሪያ አልሳቀችም።

"ቅሬታ ቀርቦብህ ያውቃል?"

"ማኅበሩ ቢሮ ሂጂና ፋይሌን እይ። ንጹሕ ነው።"

ፋይሉ እውነትም ንጹሕ ነበር። የአባልነት ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን የታደሰ የሦስት ኮከብ ምስክር ወረቀት። ሌላ ምንም የለም።

የማኅበሩ ቢሮ ከዚራ ውስጥ፣ የድሮ ቪላ ነው። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ማርቲ እንግዳዋን ቀዝቃዛ ውኃ አቅርባ ተቀበለች።

"ሥራችሁ ምንድነው?" አለች ቱሪያ።

"ነጋዴን እንመዝናለን። ሰው ሳይታለል እንዲገዛ።"

"ደመወዛችሁን የሚከፍለው ማነው?"

"አባላት በየዓመቱ ያዋጣሉ።"

"አባላቱ እነማን ናቸው?"

"ነጋዴዎች።"

"የምትመዝኗቸው?"

ማርቲ ፈገግ አለች። ጥያቄው አዲስ አልሆነባትም። "ኢንስፔክተር፣ ለሐኪምስ የሚከፍለው ማነው? በሽተኛው አይደል? ስለከፈለው ይዋሽለታል?"

"ሐኪም ለበሽተኛው 'ጤነኛ ነው' የሚል ወረቀት በሩ ላይ አይለጥፍለትም።"

ማርቲ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። ማኅበሩን በሁለት ወንበር የጀመረችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ድሬ ውስጥ የተታለለ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሱቁ በር ላይ ቆሞ መጮኽ። እሷ መቀመጫና ሰሚ ሰጠችው። አማርኛ የማይችል በሶማሊኛም በኦሮምኛም ይናገራል፤ ቢሮው ይጽፍለታል። ብዙ ሰው በዚያ ቢሮ ተክሷል። ብዙ ሰውም እስከ ዛሬ ያመሰግናታል።

በሰባተኛው ቀን ቱሪያ ዲናን ልትጠይቅ ቤቷ ሄደች። ያላት ነገር ትንሽ ነበር። ዕቃው መጥፎ ነው። ነጋዴው ግን "አላውቅም ነበር" ይላል። ያውቅ እንደ ነበር የሚያሳይ ወረቀት የለም።

"እንደ አደጋ ሊዘጋ ይችላል" አለቻት። "ልዋሽሽ አልፈልግም።"

"ኢንስፔክተር፣ ሥራዬን ያውቃሉ?" አለች ዲና።

"ልብስ ፋብሪካ።"

"ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ስፌቱ የተበላሸ ሱሪ ሲያጋጥመኝ እመልሰዋለሁ። ይጠገንና ይመጣል፤ አሳልፈዋለሁ። ግን ተመልሶ እንደ ነበር የጻፍኩት አይሰረዝም። ከአንድ ማሽን አሥር ሱሪ ከተመለሰ ማሽኑን እናስቆማለን። የተጠገነውን ሁሉ ብንሰርዝ ማሽኑ መታመሙን በምን እናውቃለን?"

"እና?"

"ያ ወረቀት መፍትሔ ያላገኘ ቅሬታ የለም ነው የሚለው። መፍትሔ ያገኘውስ የት ነው ያለው?"

ቱሪያ ውኃዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

በዚያ ቢሮ ፋይል የሚይዙት አቶ ዘርዓብሩክ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሁሉም የሚወዳቸው ሽማግሌ። ቱሪያ የዲናን ጥያቄ ደገመችላቸው። እሳቸውም ሳያፍሩ መለሱ።

"ይቀደዳሉ።"

"ማነው የሚቀድዳቸው?"

"እኔ ነኛ። ልጄ፣ ሰው በሽማግሌ ከታረቀ በኋላ ክሱን ይዞ መቀመጥ ነውር አይደለም? ቂም መያዝ እኮ ነው። እርቅ ሲወርድ ቅሬታውን እቀደውና 'ተመስገን' እላለሁ። የማኅበሩ ደንብም ነው። የእርቁ ወረቀት ብቻ ይቀመጣል።"

"እሱን ያሳዩኝ።"

አንድ ወፍራም አቃፊ አወጡ። እያንዳንዱ እርቅ አንድ ገጽ ነው፤ የሁለቱ ወገን ስም፣ የቅሬታ አቅራቢው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ። የተጣሉበት ነገር አይጻፍም። ቱሪያ የነፋሻን ብቻ እየለየች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከየካቲት ወዲህ አምስት ሆኑ።

"ይህኛው ስለ ምን ነበር?"

"ስለ ኩለር።"

"ይህስ?"

"እሱም ስለ ኩለር። ሴትየዋን ነዝሯት..."

"ይህስ?"

አቶ ዘርዓብሩክ አምስቱን ወረቀት አንድ በአንድ አዩ። እያንዳንዱን በየጊዜው በገዛ እጃቸው ቀድደዋል፤ በየጊዜው አመስግነዋል። አምስቱን ባንድ ጠረጴዛ ላይ ግን አይተዋቸው አያውቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

"ሁሉም ስለ ኩለር ነበር" አሉ። "ሁሉም።"

ቱሪያ አምስቱንም ሰዎች ፈለገች። አራቱ በእውነት ታርቀዋል። አዲስ ዕቃ ተለውጦላቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ መርቀዋቸዋል። እያንዳንዳቸው የነዘረው የራሳቸውን ኩለር ብቻ መስሏቸዋል። አምስተኛዋ ለገሃሬ የምትኖር የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ዳሃቦ ትባላለች።

"ከዐብዲቃድር ጋር ታርቀሻል ይላል" ብላ ቱሪያ ወረቀቱን ዘረጋችላት።

"ማያ!" አለች ዳሃቦ። "አልታረቅኩም! ማነው ያለው?"

"ሽማግሌዎቹ አልመጡም?"

"መጥተዋል። ሻይ አፍልቼ አጠጥቻቸዋለሁ፤ ሽማግሌ ይከበራል። 'አዲስ ኩለር ይሰጥሽ' አሉኝ። ልጄን ፈርዶውሳን አንሥቶ ግድግዳ ላይ የወረወራት ዕቃ፣ ወንድሙን እናምጣልሽ ይሉኛል!" እጇን አወናጨፈች። "እኔ ካሳ አልጠየቅኩም። አንድ ነገር ብቻ አልኩ። ያን ዕቃ ከሱቁ ያውጣ፣ ሁሉንም። ያን ቀን እታረቃለሁ። እሱ እምቢ አለ። እኔም እምቢ አልኩ።"

"ታዲያ ይህ የጣት አሻራ የማነው?"

ዳሃቦ ከስሟ ትይዩ ያለውን ሰማያዊ አሻራ አየች። ከዚያ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቀች።

"ዋላል፣ እህቴ፣ እኔ ጣት አላትምም። እፈርማለሁ።" ከወተት ዕቃዎቿ መሐል አንድ ደብተር መዘዘች። ወተቱ ከየትኛው ገጠር እንደ መጣ፣ የትኛው ቶሎ እንደ ጎመዘዘ በሶማሊኛ፣ በላቲን ፊደል፣ በጥሩ እጅ ጽፋበታለች። "እዚያ ቢሮ ስሄድ በአፌ ተናገርኩ፤ ሽማግሌው ጻፉልኝ። ፈርሚም አላሉኝ። አማርኛ ስለማላነብ፣ ወተትም ስለምሸጥ ፊደል የማላውቅ መስያቸዋለሁ።"

የሦስቱ ሽማግሌዎች ፊርማ ግን እውነተኛ ነበር። ቱሪያ ስትጠይቃቸው አፈሩ። በዚያ ሙቀት ለፊርማ ሁለተኛ እንዳይመላለሱ ባዶውን ወረቀት ቀድመው ይፈርማሉ። ዳሃቦ እምቢ ስትል ወረቀቱን መለሱት።

"ለማን?"

"ለማርቲ። 'አልሆነም' ብለን በእጇ ሰጠናት።"

ቱሪያ የሦስት ሰው አሻራ ወሰደች፤ የዐብዲቃድርን፣ የአቶ ዘርዓብሩክን፣ የማርቲን። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ወረቀቱ ላይ ያረፈው የማርቲ ቀኝ አውራ ጣት ነው።

"ለምን?" አለች ቱሪያ።

ማርቲ አውራ ጣቷን አየች።

"የኮከቡ እድሳት ያን ሳምንት ነበር። ዐብዲቃድር መጣ። 'ይህ ቅሬታ ፋይሌ ውስጥ ካደረ ከማኅበሩ እወጣለሁ' አለኝ። እሱ ከወጣ የታይዋን ገበያ ነጋዴ በሙሉ ይከተለዋል። እነሱ ከወጡ በሩን መዝጋት ነው። ያ ሁሉ የተካሰ ሰው፣ ያ ሁሉ ድካም... አንድ ቅሬታ ደብቄ ማኅበሩን ያዳንኩ መሰለኝ።"

"አምስተኛው ነበር።"

"አንድ በአንድ ነው የመጡት። አራቱ ታርቀዋል። የታረቀ ነገር አይቆጠርም ብዬ..."

"የዳሃቦ አልታረቀም።"

"አዎ።"

"አቶ ዘርዓብሩክስ?"

"እሳቸው አያውቁም። 'ታረቀች' አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ቀደዱት።"

"ዐብዲቃድር?"

"ሽማግሌዎቹ እንዳልሆነላቸው ያውቃል። በማግስቱ 'አለቀ' ስለው፣ እንዴት እንዳለቀ አልጠየቀኝም።"

ዐብዲቃድርም ከዚያ በኋላ "አላውቅም ነበር" ሊል አልቻለም። ዳሃቦ ዕቃውን እንዲያወጣ ጠይቃው እምቢ ማለቱን ሦስት ሽማግሌ መሰከረበት። ኩለሮቹ ከሱቁም ከመጋዘኑም ተለቅመው ወጡ። በየቤቱ የገቡትም ተሰበሰቡ። ዐብዲቃድርና ማርቲ ሁለቱም ተከሰሱ።

ቱሪያ ቃሏን ልትጠብቅ ዲና ቤት ሄደች።

"የማርቲ አሻራ ያረፈው ሚያዝያ አሥር ነው" አለቻት። "ኮከቡ የታደሰው በማግስቱ። አንቺ የገዛሽው ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቆይተሽ። የዳሃቦ ቅሬታ ባይቀደድ ያ ወረቀት አይለጠፍም ነበር። ጠይቀሻል፣ አንብበሻል፣ የተጻፈውን አምነሻል። ከዚህ በላይ ልታውቂ የምትችይበት መንገድ አልነበረም። አንቺ አይደለሽም።"

ዲና አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አላለቀሰችም ነበር።

ማኅበሩ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጠቅላላ ስብሰባ ጠራ። ይዘጋ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። አቶ ዘርዓብሩክ ተነሥተው ስለ ራሳቸው ስሕተት ብቻ ተናገሩ፤ ማንንም አልከሰሱም። ከዚያ በኋላ የአዳራሹ ስሜት ተለወጠ። ቅሬታ ከእንግዲህ አይቀደድም ተባለ። እርቁ ከሥሩ ይጻፋል እንጂ እሱን አያጠፋም። ኮከብ ሰጪዎቹም ግማሾቹ ሸማቾች ሆኑ፤ ዳሃቦ አንዷ ናት። አንድ ነጋዴ "እኛ እያዋጣን እነሱ ይመዝኑናል?" ብሎ ጮኸ። ዳሃቦም "ዋሪያ፣ ወተቴን አንተ ትቀምሳለህ፤ እኔ ዕቃህን ባይ ምን ይልሃል?" አለችው። ሳቅ ሆነ። ቢሆንም ስምንት ነጋዴዎች ያኔውኑ ወጡ። ማኅበሩ ዓመቱን ይጨርስ አይጨርስ የሚያውቅ ሰው የለም።

የአቶ ሰይፈ ሚካኤል አርባ ሲወጣ ቤቱ ሰው ሞላው። ሹክሪ ድንኳኑን ሲተክል አደረ። ሳላሕ ውኃ አስመጣ። ዳሃቦ ፈርዶውሳን በእጇ ይዛ መጣች። ልጅቷ ደኅና ናት። ዲና ዳሃቦን አቅፋ አልለቃት አለች።

"እርስዎ እምቢ ባይሉ ኖሮ" አለች፣ "እኔ እስክሞት ራሴን ስከስ እኖር ነበር። እንዴት ብዬ ላመስግንዎት?"

"ዋላል፣ አንዴ ነው እምቢ ያልኩት። ሁለቴ ብጮኽ አባትሽ ይኖሩ ነበር እያልኩ እኔም አልተኛም።"

"እርስዎም አይደሉም" አለች ዲና። "ይህን እኔ ነኝ የምነግርዎት።"

ከምሳ በፊት አምስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከማርቲ ቤተሰብ የተላኩ ናቸው። ትልቁ ቆመው ተናገሩ።

"ልጃችን አጥፍታለች። 'ሰው አልገደልኩም' ብላ አልካደችም። እግርሽ ላይ ወድቀናል። በአባትሽ ነፍስ፣ ይቅር በያት።"

ዲና ብድግ አለች። "ኧረ እንዲህ አትበሉ፣ አባቶቼ። ፀሐይ ላይ መጥታችሁ ስለ እሷ ስለቆማችሁ አመሰግናለሁ። አባቴ ሽማግሌ አሳፍረው አያውቁም። ይቅር ብያለሁ።"

"ተመስገን!" አሉ ሽማግሌዎቹ። ትልቁ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "እንግዲያው ይህን ፈርሚልን፣ ልጄ። ክስ የለኝም የሚል ነው። ለፍርድ ቤቱ።"

ዲና ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ይቅርታው የእኔ ነው፤ ሰጥቻለሁ፤ አልመልሰውም" አለች። "ክሱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። እሱ ይቀመጥ።"

ሽማግሌው ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ ተዉት።

ዲና ወረቀቱን ሳትፈርምበት፣ ሳትቀደውም፣ እንደ ነበረ አጥፋ በሁለት እጇ መለሰችላቸው። ከዚያ ለአምስቱም ቦታ አስለቀቀችና ምሳ አቀረበችላቸው።